የጋሽ ወልደየስ ጣት

ጋሽ ወልደየስ ሌባ ነው ብዬ ነው ያደግኩት። የሰረቀኝ ገንዘብ አይደለም፤ ጌጥም አይደለም። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከሰማይ ወርዳ ሣር ላይ የተቀመጠችበትን ቅጽበት ነው የሰረቀኝ። ለሰው ብናገረው ይሳቅብኛል ብዬ ለማንም ሳልነግር፣ በጸሎቴ የበደሉኝን በየስማቸው እየጠራሁ ይቅር ስል እሱን ብቻ ዘልዬው እያለፍኩ፣ ይኸው ፀጉሬን ሽበት ጣል ጣል እስኪያደርግበት ድረስ ኖርኩ።

ዛሬም ተናድጃለሁ። ንዴቱ ያው የድሮው ነው፤ የተቀየረው የምናደድበት ሰው ነው።

እናቴ ገንዘቤ በተሰደድንበት ከተማ፣ ካንሳንጋ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ወሬ ሁሉ ይቆማል፤ ሰው አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ ምንም አይሰማም። የሚበሉት በአብዛኛው የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ነጋዴዎች፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ የስደት ወረቀት የሚጠብቁ ወጣቶች። ጋሽ ወልደየስ ጥግ ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ሽሮውን ቀስ እያለ የሚበላ ሰው ነበር። ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው። አገር ቤት ሳለ አየር ኃይል ውስጥ ሞተር ይፈታና ይገጥም ነበር ይባላል። ፍሪጅ ሲበላሽባቸው “ኢንጂነር” ይሉታል፤ ከተሠራላቸው በኋላ ደግሞ “ያ ብቸኛ” ይሉታል።

ይህ ብቸኛ ሰው ክንፏ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ የማይበቁኝ አውሮፕላን በእጁ ሠርቶ ነበር። ገላዋ እንደ ቡሽ ከሚቀል እንጨት ነው፤ ላይዋ በቀይና ነጭ ስስ ፕላስቲክ ተለብጧል። ክንፏ የሚታሰረው በላስቲክ ነው፤ ከወደቀች ከመሰበር ይልቅ ተፈናጥሮ እንዲወጣ። ሞተሩንና ሁለቱን ሪሞቶች የተወለት አንድ አገር ለቅቆ የሄደ ህንዳዊ ነጋዴ ነው።

እኔን የመረጠኝ በትሪ ምክንያት ነው። በምሳ ሰዓት ቤቱ ሲሞላ ሻይ የሞሉ ብርጭቆዎች ይዤ በወንበሮቹ መካከል እሾልካለሁ፤ ዓይኔ ሰዎቹ ላይ እንጂ ትሪው ላይ አይደለም። አንድ ቀን ጋሽ ወልደየስ እናቴን ጠርቶ፣ “ገንዘቤ፣ ይህች ልጅሽ እኮ እጇን ሳታይ ነው የምትሠራው። ይህ በትምህርት አይገኝም” አላት።

የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። “ምን እጅ አላት ብለህ ነው” አለች፣ የቀሩት ደንበኞች እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። “ትናንት እንኳ ብርጭቆ ሰብራለች።”

አልሰበርኩም። አልሰበርኩም ልል አፌን ስከፍት በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ ወደ ጓዳ አስገባችኝና ፊቴ ላይ ትፍ ትፍ አለችብኝ። ባልሠራሁት ጥፋት የተተፋብኝ መሰለኝ።

እንዲህ ነበረች። ክፍል ውስጥ አንደኛ ስወጣ ደንበኞቹ ስንተኛ ወጣሽ ብለው ሲጠይቁኝ ቀድማኝ፣ ተዋት እባክህ፣ መሃል አካባቢ ናት፣ ጭንቅላቷ ድንጋይ ነው ትላለች። አማረባት የሚል ከመጣ የጉልበቴን ጠባሳ ታሳየዋለች። እንደምታፍርብኝ አልጠራጠርም ነበር። እናቱ በሰው ፊት የምታሳንሰው ልጅ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ታዲያ እንዴት ለጋሽ ወልደየስ እሺ እንዳለችው ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ሳስበው ሜዳው ሩቅ ስለሆነ፣ የሚያየን የአገር ሰው ስለሌለ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን ታክሲ ተሳፍረን ከተማው ዳር ኪዋቱሌ እንሄዳለን። ክንፉ ተፈትቶ ጭኖቻችን ላይ ይጋደማል፤ ረዳቱ፣ ይህ ዕቃ የራሱን ሴንቴ፣ የራሱን ሂሳብ፣ ይከፍላል እያለ ያሾፍብናል። ኪዋቱሌ ያኔ እንደ ዛሬው አጥር ለአጥር አልተያያዘም። የሙዝ ተክል፣ ቀይ አፈር፣ በመሃሉ ከብት የሚግጥበት ሰፊ የኳስ ሜዳ ነበር። እናቴ ሙዙ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ የምታየን አይመስለኝም ነበር።

ሁለቱ ሪሞቶች በአንድ ጥቁር ገመድ ይያያዛሉ። ዋናው በጋሽ ወልደየስ እጅ ነው። አውሮፕላኗ አንዳንዴ የእኔን ትሰማለች፣ አንዳንዴ የእሱን፤ መቼ የማን እንደሆነች ግን አይነግረኝም። የማስተማር ዘዴው ይህ ነበር። “አሁን ያንቺ ናት የተባለ ሰው እጁ ይደርቃል” ይላል። ሁልጊዜም የእኔ እንደሆነች አስቤ እንድነዳት፣ እሱም ሲያስፈልግ ሳላውቀው እንዲገባና እንዲወጣ ነው የሚፈልገው። ከሪሞቱ ጫፍ ላይ በአመልካች ጣቱ የሚነካት አንዲት ስፕሪንግ ያላት ቁልፍ ነበረች። መቀያየሪያዋ እሷ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። አውሮፕላን የሚያበር ሰው ዓይኑን ከሰማይ አይነቅልምና ጣቱን ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም።

ማብረሩ አላስቸገረኝም። ሰማይ ሰፊ ነው፣ ስህተትን ይሸከማል። መሬት ግን አይሸከምም። ከእኔ ስትርቅ ቀኜ ቀኟ ነው፤ ዞራ ወደ እኔ ስትመጣ ቀኜ ግራዋ ይሆንብኛል። ላቀናት ያልኩ እየመሰለኝ ይብሱን አጋድማታለሁ። ጋሽ ወልደየስ አንድም ቀን አልጮኸብኝም። “ቀኝና ግራን እርሺው” አለኝ። “የትኛው ክንፍ ነው የወደቀው? የሪሞትሽን ዘንግ ወደዚያው ግፊው። የደከመ ሰው እንደምትደግፊ ደግፊው።” ያቺን ከሰማሁ በኋላ ግራ መጋባቱ ተወኝ። ፍርሃቱ ግን አልተወኝም። ዝቅ ስትልብኝ አፍንጫዋን ቀና አደርጋለሁ፤ ቀና ስትል ፍጥነቷ ያልቅና ልትከሰከስ ትደርሳለች፤ ያኔ እሱ ሳላውቀው ይገባና ሞተሩ አጓርቶ ተመልሳ ትነሳለች።

የመጨረሻው ትምህርት ግን አስገረመኝ። ለማሳረፍ እንዳልሞክር ነው የነገረኝ። “ጋዙን ዝጊው” አለ። “ከሣሩ ክንድ ያህል ከፍ ብላ ስትመጣልሽ እንዳታርፍ ከልክያት። ትንሽ ቆዪ፣ ትንሽ ቆዪ እያልሽ ያዣት። ሲደክማት ራሷ ትቀመጣለች።”

ይህን ነው ቤት የምለማመደው። የሳርዲን ቆርቆሮ ላይ የክብሪት እንጨት ሰክቼ እንደ ሪሞት ይዤ፣ አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ፣ በሐሳቤ ብቻ የምትታየኝን አውሮፕላን ትንሽ ቆዪ እላታለሁ። ሜዳው ላይ ግን የሙዙን አናት አልፋ ዝቅ ስትል ጋሽ ወልደየስ “ይበቃል” ይልና ተቀብሎኝ ራሱ ያሳርፋታል። ማሳረፍ ገና የእሱ ነበር። ጾሙ ሊገባደድ ሲል፣ “የፋሲካ ማግስት አንቺ ታሳርፊያታለሽ” አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የጓጓሁለት ነገር የለም። ሰው ሁሉ ሲያየኝ፣ እናቴም ስታይ፣ ድንጋይ ጭንቅላት አለመሆኔ በአንዲት ማረፍ የሚታወቅ ነበር የመሰለኝ።

የፋሲካ ማግስት የአገር ሰው ሁሉ ኪዋቱሌ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ በዓሉን ያከብር ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሥዩም ናቸው። አቶ ሥዩም ሲናገሩ እጃቸውን ድምፅ ማጉያ እንደያዘ ሰው የሚያጥፉ ሰው ናቸው፤ ባይዙም። ስለ አውሮፕላኗ ሰምተው ኖሮ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ምግብ ቤታችን መጡ። ከማዘጋጃ ቤት እንግዳ እንደሚመጣ፣ ኢንጂነሩ በእንግዳው ፊት አብርሮ የአገራችንን እጅ እንዲያሳይ፣ ልጅቷም ነጭ ለብሳ አጠገቡ ብትቆም እንደሚያምር ተናገሩ።

“ልጅቷ ናት የምታሳርፈው” አለ ጋሽ ወልደየስ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል።

አቶ ሥዩም ሳቁ። “ወልዴ፣ የእንግዳው አናት ላይ ብታሳርፍበትስ? ማዘጋጃ ቤት ሄደን የጠየቅነው ሁሉ እዚያው ይቀራል።” ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እናቴ ናት፤ ሳቋ ረዥም ስለነበር ሌሎቹ ዝም ካሉ በኋላም ብቻውን ይሰማ ነበር። ትሪውን ይዤ ቆሜ ነበር። ያን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

የስቅለት ለት ማታ ከስግደት ተመልሰን፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ እናቴና ጋሽ ወልደየስ ቆመው ሲነጋገሩ በመስኮቱ አየሁ። እጅጌውን ይዛዋለች። እናቴ የወንድ እጅጌ ስትይዝ አይቼ ስለማላውቅ ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ። ከውስጥ ውኃ እየፈላ ስለነበር ሁሉም አልደረሰኝም። “በእመቤታችን ይዤሃለሁ” ስትል ሰማሁ። “በሰው ፊት አይሁን።” እሱ የሆነ ነገር መለሰ፤ እሷም መልሳ፣ “ግፍ ከሆነ ግፉ በእኔ ይሁን” አለችው። ጋሽ ወልደየስ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። በእመቤታችን ተይዞ እምቢ የሚል ሰው አልነበረም።

እኔ የገባኝ ግልጽ ነበር። እናቴ በሰው ፊት እንዳላሳርፍ ለመነችው፤ እሱም እሺ አላት።

ቢሆንም ሜዳው ላይ ሲደርስ ጋሽ ወልደየስ እንደ ወትሮው ሁለተኛውን ሪሞት አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝና ገመዱን ሰካው። ሜዳው በነጠላ ነጭ ሆኗል። በአንድ በኩል ድስት ይንተከተካል፣ ሕፃናት ኳስ ይራገጣሉ፣ ድንኳኑ ሥር እንግዳው ከአቶ ሥዩም ጎን በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ነበር፤ የሙዙ ቅጠሎች ጀርባቸውን እያገላበጡ ያሳዩ ነበር። ሞተሩ እንደ ተርብ ጮኸ፤ አውሮፕላኗ ሣሩን ሰንጥቃ ተነሳች፤ ሕዝቡ እልል አለ። ሁለት ጊዜ በላያችን ዞርን። ከዚያ ጋሽ ወልደየስ በእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “ጋዝ ቀንሺ” አለኝ።

ከሙዙ ጫፍ በላይ ወደ እኔ ስትመጣ አየኋት። “ይበቃል” እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለም። ነፋሱ ከጎን መታትና የግራ ክንፏ ወደቀ፤ አፍንጫዋ ወደ ድንኳኑ ዞረ። አንድ ሰው “ኧረ” ሲል፣ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። ዘንጉን ወደወደቀው ክንፍ ገፋሁት፣ የደከመ ሰው እንደሚደገፍ። ተነሳች። ቀጥ አለች። ጋዙን ዘጋሁት፤ ዝምታ ወረደ፤ የነፋሱ ፉጨት ክንፏ ላይ ብቻ ቀረ። ከሣሩ ክንድ ያህል ከፍ ብላ ስትመጣ ትንሽ ቆዪ አልኳት። ትንሽ ቆዪ። ጎማዋ የሣሩን ጫፍ ዳሰሰ፣ ቀለል ብላ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሮጠች፣ ቆመች።

ያን ጊዜ ነው ዞር ብዬ ጋሽ ወልደየስን ያየሁት። ግንባሩ ላብ ብቻ ነው። አመልካች ጣቱ ያቺን ቁልፍ ተጭኖ ይዟታል፤ ከመጫኑ ብዛት ጥፍሩ ነጥቷል። አውሮፕላኗ ቆማ እንኳ አልለቀቃትም።

ለካ እየተጫነ እየቀማኝ ነበር። ዘንጉን ስገፋ መታዘዟን አውቃለሁ፤ ግን ያለኝን ነው ያደረግኩት፣ እሱም ያንኑ ቢያደርግ ልዩነቱን በምን አውቃለሁ? ለእናቴ የገባላትን ቃል ጠብቆ፣ ደስ እንዲለኝ ሪሞቱን አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ፣ ራሱ አሳረፋት ማለት ነው።

አቶ ሥዩም ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው መጡ። ያገራችን ልጅ፣ አየር ኃይል ያፈራው፣ አሉ፤ ብዙ አሉ። ከዚያ ማጉያውን ወደ ጋሽ ወልደየስ አፍ አስጠግተው፣ “በነገራችን ላይ ኢንጂነር፣ ልጅቷ ናት የምታሳርፈው ብለኸን ነበር። እንግዳችንን ያስደነገጠው ማን ነው? ያሳረፈስ?” ብለው ሰዉን አሳቁ።

ጋሽ ወልደየስ ወደ ሙዙ ጥላ፣ እናቴ ወደቆመችበት አየ። ማጉያው ትንፋሹን ለሜዳው ሁሉ ያሰማ ነበር።

“እኔ ነኝ” አለ።

በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት። ለእኔ አንድ ለስላሳ መጠጥ ተሰጠኝ፤ ያውም ፀሐይ ያሞቀው። አንዲት ሴት እናቴን፣ የአንቺም ልጅ ጎበዝ ናት መቼስ ስትላት፣ “እሷማ ይዛ ነው የቆመችው” ብላ መለሰች። ገመዱን ነቅዬ ሪሞቱን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ታክሲው መንገድ ብቻዬን ሄድኩ።

ያ የመጨረሻዬ በረራ ነው። ጋሽ ወልደየስ በሚቀጥለው እሁድ አውሮፕላኗን በብብቱ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። የቤት ሥራ አለብኝ አልኩት። ደጋግሞ መጣ፤ የቤት ሥራዬ አላለቀም። አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብለት፣ “አርሴማ፣ አንድ ቀን እናትሽ ትነግርሻለች” አለኝ። እናቴ የምትነግረኝን ለማወቅ እሱን አልጠይቅም ብዬ በልቤ መለስኩለት። ከዚያ ጁባ ሥራ አገኘና ሄደ፤ በዚያው ታሞ መሞቱን ሰማን። እናቴ ለአንድ ደንበኛ የማይለቀስ ልቅሶ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ልጅ ነበርኩ፣ ያየሁትን ነው ያመንኩት፤ ራሴን የምከስበት ነገር የለኝም። የምከሰው ሌላ ነው።

እንግዲህ ዛሬ እኔና እናቴ ኪዋቱሌ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ከዚያ ሰፊ ሜዳ የቀረችው አንዲት ቁራጭ ናት። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የሞተር ጩኸት ሰማሁና እግሬ ወሰደኝ። ሉቅማን የሚባል የዚሁ አገር ወጣት ለአንዲት ሴት አውሮፕላን ማብረር ያስተምራል። ገመድ ዛሬ የለም፤ ሁለት ሪሞት ግን አለ፤ የእሱም ጫፍ ላይ ያቺው ቁልፍ። ዘንቢሌን አስቀምጬ አዳመጥኩ። ማዳመጥ አይሰለቸኝም። ለሴትየዋ፣ ይህቺን ተጭኜ እስከያዝኩ ድረስ አውሮፕላኑ ያንቺ ነው፣ ከለቀቅኩ ወደ እኔ ይመለሳል አላት።

ተሳስቷል ብዬ ጠጋ አልኩና ተቃራኒው እንዳልሆነ ጠየቅኩት።

“አይደለም ማማ” አለኝ። “ለመቀማት መልቀቅ ነው። አስተማሪ ሲደነግጥ ጣቱ በራሱ ይለቃል፤ ለዚህ ብለው ነው እንዲህ የሠሩት። በገመድ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ከባዱ ይዞ መቆየት ነው።”

ሸቀጤን አንስቼ መሄድ አቃተኝ። ያን የነጣ ጥፍር አየሁት። አውሮፕላኗ ወደ ድንኳኑ ስታጋድል፣ ስንት ሌሊት የደከመባት ሥራው ነፋስ ላይ ስትንገዳገድ፣ እንግዳው ከወንበሩ ሲነሳ፣ ጣቱ ልልቀቅ እያለው አልለቀቀም። ባለ በሌለ ጉልበቱ ላለመቀማት ነበር የሚታገለው። ክንፏን የደገፍኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ቆዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ደስታ ይመጣል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ፤ የመጣው ንዴት ነው። ታዲያ “እኔ ነኝ” ያለው ለምንድን ነው?

መልሱን የምታውቅ አንዲት ሰው ቤት ተቀምጣ ነበር። በሩ ጋ፣ ከግቢያችን ተከራይ ከወሎዋ ነጋዴ ከዛሂዳ የልብስ ማስጫ ፊት ለፊት፣ በርጩማ ላይ ምስር ትለቅማለች። ጫማዬን ሳላወልቅ ጠየቅኳት። ማን ነው ያሳረፋት?

ወዲያው ነው የመለሰችልኝ፤ ሲጠበቅ የኖረ ጥያቄ ይመስል። ግን መጀመሪያ ወደ ግቢው አየች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

“አንቺ ነሽ።”

“ታውቂ ነበር።”

“አላይም መሰለሽ? በየእሁዱ አይሽ ነበር።” ምስሩን በመዳፏ አበጠረችው። “መች ማሳረፉን ከለከልኩሽ? እሺ ያልኩት እኔ ነኝ እኮ። የከለከልኩት ስሙን ነው። ይህ ሁሉ ዓይን ተሰብስቦ፣ የገንዘቤ ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልሞላት፣ አውሮፕላን አሳረፈች ሲባል ዝም ብዬ ልስማ?”

ከዚያ ታላቅ እህቴን ሔሊናን አነሳች። እኔ የማውቃት በፎቶ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አቁመዋት፣ ከዚህ ትምህርት ቤት እንደዚህች ያለ አእምሮ አልወጣም ብለው ለወላጆች ሁሉ አሳዩአት። እናቴ ያን ቀን እንደ ሌላው አጨበጨበች። ሳምንቱ ሳይሞላ ሔሊናን ቀበረቻት።

“ወባ ነበር እኮ እማዬ” አልኳት።

“ወባ የያዘው ልጅ ሁሉ ሞቷል? ለምን እሷን?”

አንዲት እናት ይህን ስትጠይቅ የሚመልስ ሰው ካለ ይምጣና ይመልስ። ዕድሜዬን ሙሉ አዳምጫለሁ፤ ያን ቀን ግን ተናገርኩ። የንስሐ አባታችን ስንት ጊዜ ገሥጸዋት፣ ልጅን የሚጠብቀው እግዚአብሔር እንጂ ሐሰት አይደለም ብለዋት እንደነበር፣ አሁን ገና የገባኝን፣ አስታወስኳት። ችሎታዬን ከሰው ዓይን ልትሰውረው ብላ ከእኔው ዓይን እንደሰወረችብኝ፣ ድንጋይ ናት ባለችኝ ቁጥር ድንጋይ ነኝ ብዬ ማመኔን፣ ከዚያ በኋላ እችላለሁ ብዬ እጄን ያነሳሁበት ነገር እንደሌለ ነገርኳት። በእመቤታችን ስም አንድን እውነተኛ ሰው ለሜዳ ሕዝብ አስዋሸችው። ያውም ያን ስም ለዚህ ጠራችው። እሱም ቃሉን ይዞ፣ የገዛ ተማሪው ፊቷን እያዞረችበት፣ ጥግ ላይ ሽሮውን ሲበላ ኖሮ ሞተ።

“ሞቶ እንኳ ለምን አልነገርሽኝም?”

“አሁንስ ማን ንገሪ አለኝ” አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ። “ይኸው አለሽ። በሕይወት አለሽ። ሌላው ምን ያደርጋል? ደግሞ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ይሰማል።”

ሰው ይሰማል ያለችው ዛሂዳን ነው። ዛሂዳ ልብሷን ገመዱ ላይ እያሰጣች ጆሮዋን ጥላልን ነበር፤ መሸሸግም አልሞከረችም። ወጣሁና ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ ልጅ ሆኜ እዚህ ማዶ ሜዳ ላይ አውሮፕላን አሳርፌያለሁ አልኳት። በሪሞት የምትበር፣ እውነተኛ ሞተር ያላት፣ በጎን ነፋስ፣ በሕዝብ ፊት። በቀስታ አልተናገርኩም።

ዛሂዳ የያዘችውን አንሶላ አወረደች። “ማሻአላህ” አለች፣ ከልቧ። ከዚያ ደግሞ የነጋዴ ነገር፣ “ማን አየ?” ብላ ጠየቀችኝ።

ከበስተኋላዬ በርጩማው ተንቀሳቀሰ። እናቴ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ደጃፉ ላይ መጣች፣ የበሩን መቃን ተደገፈች። ግቢውን አየች፤ የጎረቤቱን አጥር፣ የመንገዱን በር አየች። እንደ ድሮዋ ታስተባብላለች ብዬ ጠበቅኩ።

“እኔ አይቻለሁ” አለቻት ለዛሂዳ፣ የምግብ ቤቷ ጊዜ በነበረው ድምፅ። “እሷ ናት ያሳረፈችው። ወልደየስ አልነካትም።”

ዛሂዳ ማሻአላህ ብላ ደገመችና አንሶላዋን አሰጣች። እናቴ ተመልሳ ተቀመጠችና ትፍ ትፍ አለችብኝ፤ ለእኔ መፍራቷ ነበር፣ አሁንም። እጇን ያዝኩላት። አስታረቀን ማለቴ አይደለም። ይህችን ለአንዲት ጎረቤትና ለርጥብ ልብስ የነገረቻትን ቃል፣ በዚያ ድምፅ ማጉያ፣ በዚያ ሜዳ ላይ፣ እሱ ቆሞ እየሰማ ልትላት ይገባ ነበር።